ጎረቤት ጠቆመ፣ ፖሊስ መጣ፤ ከዚያስ?

በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ዙሪያ ባሉት የቀበሌ ቤቶች ጎረቤት የማይሰማው የልጅ ለቅሶ ጥቂት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የውሃ ቧንቧው፣ መጸዳጃ ቤቱና የልብስ ማስጫ ገመዱ የጋራ ነው። ልጅ አለልክ ሲገረፍ፣ በር ተቆልፎበት ሲውል፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ሌሊቱን ስትሠራ ስታድር ከፖሊስም፣ ከመምህርም፣ ከሐኪምም በፊት የሚያውቀው የግቢው ሰው ነው።

ያ ሰው 991 ደውሎ ወይም ጣቢያ ድረስ ሄዶ ሲጠቁም ፖሊስ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይችላል? ቤቱን መፈተሽ፣ ልጁን ይዞ መሄድ፣ ወላጁን ማሰር ይችላል? ጥያቄው በሁለት ተቃራኒ ስሞታዎች መካከል የሚዋልል ነው። አንደኛው ወገን «ፖሊስ ሲጠሩት አይመጣም፤ ቢመጣም የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ ይመለሳል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሲመጣ በዱላና በካቴና ነው፤ ልጁን ሊያድን ገብቶ ቤቱን በትኖ ይወጣል» ይላል። ሁለቱ ስሞታዎች የሚጋጩ ቢመስሉም ሕጉንና ተቋማቱን በቅርብ ለተመለከተ ሰው ምንጫቸው አንድ ነው፤ ስለ ልጅ ደኅንነት የቀረበ ጥቆማ ሁሉ የሚያልፍበት ዋና በር የወንጀል ምርመራ መዝገብ ነው።

ከሽማግሌ እስከ ቀበሌ

በቀድሞው ዘመን የልጅ ጉዳይ መንግሥት ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ደጆችን አልፎ ነበር። ልጁን አለልክ የሚመታን አባት በመጀመሪያ የሚገሥጹት የሰፈር ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም የዕድር ዳኛ ነበሩ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋሙት የአጥቢያ ዳኞችም ቀዳሚ ተግባራቸው ማስታረቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን የሚያሳድግ ሰው ቀላል የአካል ቅጣት እንዲጠቀም ይፈቅድ ስለነበር ጎረቤት ቅጣቱን ቢያወግዝም ሕግ ጥሷል ለማለት ይቸገር ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጥቆማ ሌላ ትርጉም ያዘ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የቀበሌዎቹ ሥልጣን ወደ ጸጥታ ጥበቃ ሰፋ። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሰጠው ቃል ሰውን ወደ ቀበሌ እስር ቤት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሞት አድርሷል። ብዙ ወላጆች ለጋ ልጆቻቸውን ያጡት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ስለ ጎረቤት ለመንግሥት መናገር የሚያስከትለው መሸማቀቅ ከዚያ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም።

ጥርጣሬውን የሚያድስ ነገርም በቅርብ ዓመታት ታይቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው በጥቆማ ታስሮ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ባወጣው መግለጫ ከታሰሩት መካከል አረጋውያንና ልጆች የያዙ እናቶች እንደነበሩ አመልክቷል። እነዚህ ጥቆማዎች ስለ ልጆች ደኅንነት የቀረቡ አልነበሩም። ነገር ግን ጥቆማን ሳያጣራ የሚንቀሳቀስ ፖሊስ ምን እንደሚያስከትል ያሳያሉ፤ በቀጣዩ ቀን ስለ ልጅ ሊጠቁም የሚያስብ ጎረቤትም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ሕጉ የሚሰጠውና የሚዘለው

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ከጉልበት ብዝበዛም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋማት ውሳኔ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድምም ያዛል። በሌላ በኩል አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ከመመርመር ይጠብቃል፤ አንቀጽ 34 ደግሞ ቤተሰብን የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት አድርጎ የመንግሥትን ጥበቃ ይሰጠዋል። ጎረቤት በጠቆመበት በር ላይ እነዚህ ሦስት አንቀጾች ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ግን በእጁ የያዘው ሕገ መንግሥቱን ብቻ አይደለም። የዕለት ሥራው መመሪያ ሆኖ የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ኮዱ ማንም ሰው ወንጀል መፈጸሙን እንዲጠቁም ይፈቅዳል። አንቀጽ 22 ደግሞ ፖሊስ የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ ቢመስለውም እንኳ ምርመራውን እንዲያካሂድ ያስገድዳል። ስለዚህ «ጎረቤትሽ ቂም ይዛ ይሆናል» ብሎ ጥቆማን መመለስ ሕጉ ለፖሊስ የሰጠው ምርጫ አይደለም።

ወደ ቤት መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 32 ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት መፈተሽን የሚፈቅደው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። አንዱ የሚሸሽ ወንጀለኛ ሲባረር ነው። ሌላው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ማዘዣ እስኪመጣ ሊሸሽ ይችላል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። ፍተሻውም ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መደረግ አለበት።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል፣ ከአቅም በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በልጁ ጤና ወይም አስተዳደግ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ይሆናል። ቀላል እስራት ደግሞ በመደበኛው ከ3 ዓመት አይበልጥም። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚገኘው ውጤት እንግዳ ነው፦ ልጅን ማንገላታት ያለ ማዘዣ ቤት ከሚያስፈትሹት ወንጀሎች ወለል በታች ይቀራል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለ ዕቃ በዝርዝር ሲናገር፣ ቤት ውስጥ አደጋ ላይ ስላለ ልጅ ግን በዚያው አንቀጽ ምንም አይልም።

አንድ ቀዳዳ አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 20 ፖሊስ ወንጀሉ ወደተፈጸመበት ቦታ ወዲያውኑ ከተጠራ፣ ወይም ከቦታው የእርዳታ ጩኸት ከተሰማ ጉዳዩን እንደ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ይቆጥረዋል። የልጅ ለቅሶ የእርዳታ ጩኸት ነው? «አድኑኝ» ያለ ልጅና ዝም ብሎ የሚያለቅስ ልጅ በሕግ ፊት እኩል ናቸው? ጳውሎስ ላይ በምሽት የሚጠራ የፖሊስ አባል መልሱን በሰከንዶች ውስጥ ብቻውን ይወስናል። ደፋሩ በሩን ይገፋል፤ ጠንቃቃው «ጠዋት ጣቢያ ኑ» ብሎ ይሄዳል። ከልክ ማለፍና ከልክ ማነስ ከአንድ ክፍተት የሚወለዱት እዚህ ላይ ነው።

ምን ያህል ምት ተግሣጽ፣ ምን ያህሉ ወንጀል እንደሆነም ድንበሩ ደብዛዛ ነው። ሕገ መንግሥቱ የአካል ቅጣትን በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ይከለክላል፤ መኖሪያ ቤትን በስም አይጠቅስም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ «ቀላል የአካል ቅጣት» የሚለውን ፈቃድ ትቶ አሳዳጊው ለልጁ አስተዳደግ አስፈላጊውን የእርምት እርምጃ መውሰድ ይችላል በማለት አልፎታል። የወንጀል ሕጉም በአግባቡ የሚደረግን እርምት ከቅጣት ነጻ ያደርጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ኢትዮጵያ ይህን ክፍተት ዘግታ የአካል ቅጣትን በቤት ውስጥም እንድትከለክል ደጋግሞ አሳስቧል። እስከዚያው ግን ተመሳሳይ ምት አንዱ መርማሪ ዘንድ ተግሣጽ፣ ሌላው ዘንድ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሸማ ቤት፦ የወንጀሉ ስም ሲለወጥ

ጳውሎስ የሚገኝበት ጉለሌ ክፍለ ከተማ ይህን ጥያቄ ከሌሎች ይልቅ የሚያውቅበት የራሱ ጉዳይ አለው። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ያሉት ሸማ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የሚመጡ ልጆችን ሲያሠሩ ኖረዋል። ሥራው በጠባብ ክፍል ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ትንሹ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ትንሽ ከፍ ሲል እሱም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ጨርቅ የሕፃናት ጉልበትና የግዳጅ ሥራ ከሚታይባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ጎረቤት «እዚያ ቤት አንድ ልጅ ሌት ተቀን ይሸምናል» ብሎ ሲጠቁም ነገሩ በሦስት ስሞች ሊጠራ ይችላል። ልጁ የሸማኔው የወንድም ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት እየሄደ ሙያ የሚማር ከሆነ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዕድሜው የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ካስቀመጠው የ15 ዓመት ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ በታች ከሆነና ከአቅሙ በላይ የሚሠራ ከሆነ የጉልበት ብዝበዛ ነው። በደላላ ተታልሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በሰው የመነገድ ወንጀል ነው፤ ይህም ለዓመታት በጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ስሙ ሲለወጥ የፖሊስ ሥልጣንም ይለወጣል። በማንገላታት ስም ያለ ማዘዣ መፈተሽ ያልቻለው መርማሪ በሰው መነገድ ስም ሊፈትሽ ይችላል። ችግሩ ሦስቱን የሚለዩት ነገሮች፣ ማለትም ዝምድናው፣ ዕድሜውና የመጣበት መንገድ ከበር ውጭ አይታዩም። ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ደላላም «አጎቱ ነኝ» ይላል፤ እውነተኛ አጎትም ደላላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከባዱን ስም ቀድሞ የመስጠት ፈተና ሁልጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ የሚገኘው ደሀ ሸማኔ፣ ታሳሪ አባወራና ማረፊያ የሌለው ልጅ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ወርልድ ቪዥን ከአጋሮቹ ጋር በጉለሌ፣ በጋሞ ጎፋና በወላይታ የጀመረው ፕሮጀክት ሌላ መንገድ ሞከረ። ከማሰር ይልቅ የቤተሰብ ገቢን፣ የልጆችን ትምህርትና የሥራ ቦታን ማሻሻል ላይ አተኮረ። በዚህ አስተሳሰብ ልጁን ከሸማ ቤት አውጥቶ አርባ ምንጭ መሸኘት ብቻውን አይበቃም፤ ያስመጣው ችግር እዚያው ጠብቆት ይመልሰዋልና። ይህ መልስ ግን ዛሬ ማታ የሚደበደበውን ልጅ ጉዳይ አይፈታም፤ ፖሊስንም ከሥራው አያሰናብትም።

ጣቢያው ውስጥ

በልጆች ላይ የሚሠራ ፖሊስ የተለየ ሥልጠና እንደሚያስፈልገው አዲስ አበባ ያወቀችው ዘግይታ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጎዳና ልጆች ላይ ይሠራ የነበረው ፎረም የተባለ ድርጅት በሬዳ ባርነን (የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት) ድጋፍ ከፖሊስ ጋር ሆኖ በከተማዋ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲከፈቱ አድርጓል። ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው ቃላቸውን እንዲሰጡ፣ ቀላል ጉዳዮችም ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በሽምግልናና በክትትል እንዲያልቁ የታሰበበት ሥራ ነበር። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ለልጆች የሚመቹ ችሎቶች ተከፈቱ፤ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሐኪምን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል ተጀመረ።

የእነዚህ ሥራዎች ጥቅም የሚታየው ልጁ ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ ማለትም ጎረቤት ደውሎ ፖሊስ በር እስኪያንኳኳ ያለው ጊዜ፣ አሁንም የተራው የጥበቃ ፖሊስ ነው። ልጁ ከቤት ከወጣም ቀጣዩ ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፦ ዛሬ የት ያድራል? ክበበ ፀሐይና ቀጨኔ ማሳደጊያዎች ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ለማሳደግ የቆሙ ናቸው፤ ወላጅ እያለው ለሁለት ቀን መጠለያ የሚፈልግ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ማቆያ ሲባል ደግሞ ጥርጣሬ የሚያጭር ሌላ ልምድ አለ። በ2015 ዓ.ም. የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በተባለ ቦታ ከአዲስ አበባ የተነሱ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ያለፈቃዳቸው ተይዘው መቆየታቸውን ይፋ አድርጓል።

ሦስት አቋሞች

በጉዳዩ ላይ የሚከራከሩት ወገኖች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው «ፖሊስ ይግባ» ይላል። ዋናው ማስረጃው የዝምታው ስፋት ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ልጆችን የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት፣ አሉላ ፓንክረስት፣ ናታን ንጉሤና እመቤት ሙሉጌታ በ2016 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ትንተና እንደታየው፣ ምት በቤትም በትምህርት ቤትም የተለመደ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው እንደ ተራ ነገር ይቀበሉታል፤ ለማመልከት የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። ይህ ወገን የሚጨነቀው ባልተንኳኳው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተርባና ከቤት ውጭ በብርድ ሞታ መገኘቷ፣ ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ዓይን የተሰወረ ቤት ምን ሊደብቅ እንደሚችል አሳይቷል።

ሁለተኛው ወገን «ድህነትን በወንጀል ስም አትጥሩት» ይላል። ጳውሎስ ላይ በር ቆልፋ ልጇን ትታ የምትሄድ እናት ብዙውን ጊዜ ለቀን ሥራ የወጣች እናት ናት፤ የሕፃናት ማቆያ የምትከፍልበት የላትም። እሷን ማሰር ልጁን ከተቆለፈ ቤት አውጥቶ እናት የሌለበት ቤት ውስጥ መክተት ነው። ይህ ወገን የጠቋሚውንም ዓላማ ይመረምራል፤ የቀበሌ ቤት ይገባኛል፣ የአጥር ጠብ፣ የአከራይና ተከራይ ቅያሜ ሁሉ በልጅ ስም ሊመጣ ይችላል። የወንጀል ሕጉ እያወቀ በሐሰት የሚወነጅልን ሰው ቢቀጣም፣ ሐሰቱ እስኪረጋገጥ እናትየዋ ጣቢያ አድራለች።

ሦስተኛው ወገን «ፖሊስ ቀድሞ መሄድ የለበትም» ይላል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ከወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የተላከ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሊሆን ይገባል፤ ፖሊስ አጃቢ ነው። የ2001 ዓ.ም. አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ልጅ ከቤተሰቡ የሚለየው ሌላው አማራጭ ሲያልቅ ነው የሚል መንፈስ አለው። የዚህ አቋም ድክመት በሥራ ሰዓት ይገለጣል። ባለሙያው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሮ የለም፤ ልጅ የሚደበደበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ነው። ባለሙያው በር ሲዘጋበትም የሚያስከፍትበት ሥልጣን የለውም።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ለአዲስ አበባ ቅርብ የሚሆነው ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ ይገኛል። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. በፕሪቶሪያ ጎዳናዎች በተደረገ ዘመቻ የደሀ ወላጆች ልጆች ተነጥቀው ወደ ማሳደጊያ ተወሰዱ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ፖሊስም ሆነ ባለሙያ በአስቸኳይ ጊዜ ልጅ ማንሳት እንዲችል ተወ፤ ነገር ግን ልጁ በተነሳ ማግስት ባለው የመጀመሪያ የችሎት ቀን ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ እንዲመረምረው አስገደደ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከቤቱ ለደኅንነቱ የተወሰደ ልጅ ግን «የተያዘ ሰው» ስላልሆነ ያ ሰዓት ለእሱ መቆጠሩ አጠራጣሪ ነው።

ከልክ ላለፈ ጥንቃቄ የሚጠቀሰው ምሳሌ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሰው ደውሎ ፖሊስ ወሰዳቸው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ተይዘው ለወላጆቻቸው የተመለሱት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ጳውሎስ ላይ የ6 ዓመት ልጅ ሱቅ መላኩ ማንንም አያስደነግጥም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ጉዳይ ያስነሳው ክርክር በዩታ ግዛት ልጆች እንዲህ ብቻቸውን መንቀሳቀሳቸውን ከቸልተኝነት የሚለይ ሕግ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆኗል። አሜሪካ የጥቆማን ብዛትም በቁጥር ታሳያለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአገሪቱ ልጆች 37 በመቶ፣ ከጥቁር ልጆች ደግሞ 53 በመቶ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ቤታቸው በሕፃናት ጥበቃ እንደሚመረመር ገምቷል።

የብሪታንያ ልምድ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ ከአይቮሪ ኮስት የመጣች የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዋ ተሠቃይታ ስትሞት፣ ሆስፒታልም ፖሊስም የማኅበራዊ አገልግሎትም አይተዋት ነበር። ምርመራው ያወጣው ስሕተት አንዱ ሌላው ይሠራዋል ብሎ መተው ነበር።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጳውሎስ ላይ ክፍት የሚቀሩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ማስረጃ መፈለግና ልጅ ማዳን አንድ ዓይነት መግቢያ አይደሉም፤ ሕጉ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛ፣ ስሙን ያልገለጸ ጠቋሚ ጉዳይ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ለእንዲህ ያለው ጥቆማ የተለየ አንቀጽ ቢኖረውም በጋራ ግቢ ውስጥ ስም መደበቅ ከንቱ ነው፤ ማን እንደጠቆመ ፖሊስ ሳይወጣ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ያለአግባብ የገባው ፖሊስ በማን ይጠየቃል? የወንጀል ሕጉ ሕገ ወጥ ብርበራንና እስርን ይቀጣል፤ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑና እንባ ጠባቂ ተቋሙም አቤቱታ ይቀበላሉ። ይሁንና «ልጁን ለማዳን ነው» የሚል መከላከያ ሲቀርብ የሚለካበት መስፈርት የለም።

ፍርዱን ማስቀመጥ ካስፈለገ ጉድለቱ ከፖሊስ ጨካኝነት ወይም ስንፍና በፊት የሕግ ክፍተት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉን የሚተካ ረቂቅ ለዓመታት ሲመከርበት ቆይቷል፤ ሕግ አውጪዎች በዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ሊጽፉ ይገባል፦ ፖሊስ ለልጅ ሕይወት ሲል ያለ ማዘዣ የሚገባበትን ሁኔታ፣ ከቤት የተወሰደ ልጅ ጉዳይ በማግስቱ ችሎት እንዲታይ፣ ማታም የሚጠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በየክፍለ ከተማው እንዲኖር። ጠቋሚ ጎረቤትም የበኩሉን ያድርግ፤ «ጨካኝ እናት ናት» ከማለት ይልቅ ምን እንደሰማ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ፣ ልጁ ምን ብሎ እንደጮኸ ይናገር፤ መርማሪው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው።